ምዕራፍ ሦስት፦ ዕቃው የት ቆመ?

50 ሺህ ቶን ማዳበሪያ የጫነ መርከብ ጅቡቲ ደረሰ እንበል። ማዳበሪያው በብትን ነው የመጣው፤ እዚያው ወደቡ ላይ በ50 ኪሎ ከረጢት እየተሞላ በተሳቢ ይጫናል። አንድ ተሳቢ 400 ኩንታል ከያዘ 1,250 ጭነት ይወጣዋል። በቀን 100 መኪና ከተጫነ መርከቡ በ13ኛው ቀን ባዶውን ይቀራል። እስከዚህ ድረስ ማባዛትና ማካፈል የሚችል ሁሉ ይደርሳል። ጥያቄው ቀጥሎ ነው የሚመጣው፦ ጭነቱ ሳይቋረጥ እንዲነሣ ስንት መኪና መሠማራት አለበት?

1,250 የሚል አይጠፋም፤ 100 የሚልም አለ። ቁጥሩን የሚወስነው ግን አንድ መኪና ጭኖ ከወጣ በኋላ ጎጃም ደርሶ፣ አራግፎ፣ ተመልሶ እንደገና ወደቡ በር ላይ እስኪቆም የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ዑደቱ 10 ቀን ከሆነ፣ 100 በ10 ተባዝቶ 1,000 መኪና መንገድ ላይ መኖር አለበት። ዑደቱ ወደ 8 ቀን ቢወርድ 800 ይበቃል። አንድም መኪና ሳይገዛ፣ አንድም ሹፌር ሳይቀጠር 200 ተሳቢ ተገኘ ማለት ነው። ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠው ሕግ ይኸው ነው፤ በአንድ ሥርዓት ውስጥ ያለው ብዛት፣ በቀን የሚገባው በሚቆይበት ቀን ሲባዛ የሚገኘው ነው። ባንክ ውስጥ ለተሰለፈ ሰውም፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ውስጥ ለተደረደረ ኮንቴይነርም ይሠራል።

ታዲያ ያ 10 ቀን የት ሄደ? ከሹፌሩ ጎን ጋቢና ተቀምጦ አብሮ የሄደ ሰው፣ ጎማው የተሽከረከረው ግፋ ቢል አምስቱን ቀን እንደሆነ ያያል። የቀረውን መኪናው ቆሞ ነው ያሳለፈው። ወደቡ በር ላይ ተራ ሲጠብቅ ቆሟል። ጠረፉ ጋላፊ ላይ ሰነድ ሲታይ ቆሟል። ማዳበሪያውን የሚረከበው የገበሬዎች ዩኒየን መጋዘን ደጃፍ ደርሶ ጫኝና አውራጆቹ በዋጋ አልስማማ ብለው ቆሟል፤ ሲስማሙ ደግሞ በዓል ደረሰና ቁልፍ የያዘው ሰው አልተገኘም። መጋዘኑ ሞልቶ መኪናው ራሱ መጋዘን የሚሆንበት ጊዜም አለ። ይህንን በኋላ ስብሰባ ላይ የሚያነሣው የለም፤ በየትኛውም ቅጽ ላይ «መኪናው መጋዘን ሆኖ ሰነበተ» የሚል ዐምድ ስለሌለ።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ የአቅርቦት ሰንሰለት አማካሪ መሆን የሚፈልግ ወጣት የሚገባበት ሙያ ይህ ነው። ዕቃ ከሚጓዝበት ጊዜ የሚቆምበት ይበልጣል፤ አማካሪ ማለት የት እንደቆመ፣ ለምን እንደቆመ፣ መቆሙ ስንት እንዳስከፈለ ቆጥሮ የሚያሳይ ሰው ነው። አዲስ ምሩቅ ስለ ቀመሩ ከእኔ በላይ ሊያውቅ ይችላል። የሚጎድለው ዕቃው የቆመበትን ቦታ ማየት ነው። ስለዚህ የዚህ ምዕራፍ ምክር ብዙዎችን ላያስደስት ይችላል፦ ለማማከር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ዕቃ የሚቆምበት ቦታ ሄዳችሁ ሥሩ።

በሌላው ዓለም መንገዱ ይለያል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉት ትልልቅ አማካሪ ድርጅቶች ምሩቁን ከዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ተቀብለው ያሠለጥኑታል፤ ስሕተቱን የሚያርሙለት አምስት ሰዎች ከበላዩ አሉ። ሙያው ራሱ ከእነርሱ ቤት ብዙ ወስዷል። ዛሬ የአቅርቦት ሰንሰለት ሥራ አመራር የምንለው ነገር በዚህ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ አደባባይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 የቡዝ አለን ሃሚልተን አማካሪ የነበረው ኪት ኦሊቨር ለአንድ የለንደን ጋዜጣ በሰጠው ቃለ ምልልስ ነው ይባላል። አዲስ አበባ ላይ ግን ገበያው ጠባብ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አማካሪ ፈልጎ የሥራ ዝርዝሩን ሲያወጣ፣ ሁላችንም «ቲኦአር» የምንለው ሰነድ ላይ ማስተርስ ዲግሪና የብዙ ዓመት ልምድ ይጠይቃል። ሃያ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ በዚያ በር አይገባም። የሚገባበት ጓዳ በር ግን አለ፤ እመለስበታለሁ።

ክፍል ውስጥ የተማረው ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እንዲያውም አንዱን ትምህርት ከሁሉም አስበልጣለሁ፤ የቢራ ጨዋታ የሚሉትን። ኤም.አይ.ቲ የነበረው ጄይ ፎረስተር ስለ ኢንዱስትሪ ውጣ ውረድ ካደረገው ምርምር የተወለደ ነው። አራት ተማሪዎች በአንድ መሥመር ይቀመጣሉ፤ ቸርቻሪ፣ ጅምላ ሻጭ፣ አከፋፋይና ፋብሪካ ሆነው። መነጋገር ክልክል ነው፤ እርስ በርስ የሚላኩት የትእዛዝ ወረቀት ብቻ ነው። የደንበኛው ፍላጎት በሳምንት 4 ሣጥን ሆኖ ይጀምራል፤ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ወደ 8 ከፍ ይልና እስከ መጨረሻው እዚያው ይቆያል። ለውጡ ይኸው ነው፤ አንዴ ብቻ። ነገር ግን ቸርቻሪው ዕቃ ሲዘገይበት ደንግጦ 12 ያዝዛል፣ ጅምላ ሻጩ ያንን አይቶ 20፣ አከፋፋዩ 30፤ ፋብሪካው ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ ያመርትና ከሳምንታት በኋላ ሁሉም ቤት ቢራ እስከ ጣራው ተከምሮ ትእዛዝ ይቆማል። ጨዋታው ሲያልቅ ተጫዋቾቹ ደንበኛውን ይወቅሳሉ። ደንበኛው ግን ከለውጡ በኋላ በየሳምንቱ ያችኑ ስምንቱን ነው የጠየቀው።

ይህንን የተጫወተ ልጅ ወደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲገባ ያንኑ ነገር በሌላ መልክ ያገኘዋል፤ እኛ የሰኔ ግዥ የምንለውን። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተነካ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ከግንቦት ጀምሮ ፕሮፎርማ ይጎርፋል፣ የግዥ ኮሚቴ በሳምንት ሦስቴ ይሰበሰባል፣ ሐምሌ ላይ መጋዘኑ መተላለፊያ ያጣል። ጥር ላይ የወረቀትና የቶነር ያለህ ይባላል። ነጋዴውም ይህንን ስለሚያውቅ ዕቃውን አስቀምጦ ሰኔን ይጠብቃል፤ ዋጋውንም እንደ ወሩ ያስተካክላል። ፎረስተር ይህንን የሚያብራራ ንድፈ ሐሳብ ሰጥቶናል፤ የግዥ ኮሚቴው ጸሐፊ የያዘችው መዝገብ ደግሞ በወር በወር ከፋፍሎ ለሚያየው ማስረጃውን ይሰጣል። የመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ ሆኖ ያንን መዝገብ ኤክሴል ላይ ያሰፈረ ልጅ ከብዙ ሪፖርት የሚሻል አንድ ሥዕል ይዞ ይወጣል።

አሁን ወደ አንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል እንግባ። ይህን የምመርጠው ቁጥሩ ትንሽ፣ ትምህርቱ ትልቅ ስለሆነ ነው።

የመድኃኒት አቅርቦቱን ለብቻው የሚይዝ የፌዴራል ኤጀንሲ በ1999 ዓ.ም. በዐዋጅ ከተቋቋመና የተቀናጀ የሎጂስቲክስ ሥርዓት ከተዘረጋ ወዲህ ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩበት ደንብ ግልጽ ነው። በየሁለት ወሩ ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ይሞላሉ። ክምችታቸው ከአራት ወር ፍጆታ እንዳይበልጥ፣ ከሁለት ወር እንዳያንስ ይጠበቃል፤ የሁለት ሳምንት ብቻ ከቀረ አስቸኳይ ጥያቄ ይላካል። ፍጆታው የሚሰላው እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ የነበረው፣ ሲደመር ገቢ የሆነው፣ ብልሽትና ማስተካከያ ካለ ታስቦ፣ ሲቀነስ ከወጪ ቀሪ። የሁለት ወሩ ፍጆታ በሁለት ሲባዛ የአራት ወሩ ጣሪያ ይመጣል፤ ከዚያ ላይ በእጅ ያለው ተቀንሶ ይጠየቃል።

ለተቅማጥ የሚሰጠውን ኦ.አር.ኤስ እንውሰድ። ሲጀመር 430 ፓኬት ነበር፣ 200 ገቢ ሆነ፣ በመጨረሻ 30 ቀረ። ፍጆታ 600። ጣሪያው 1,200። 30ው ሲቀነስ 1,170 ይጠየቃል። ቅጹ በትክክል ተሞልቷል፣ ሒሳቡም አንድም ስሕተት የለበትም።

አንዲት ወጣት ባለሙያ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን ቢን ካርድ ከግድግዳው አውርዳ ስታይ ግን ከሁለቱ ወር ውስጥ ሃያ ቀን ሙሉ ምንም ወጪ አልተመዘገበም።

«እትዬ፣ ያኔ ኦ.አር.ኤስ አልቆባችሁ ነበር እንዴ?»

«ኧረ አላለቀም፣ ልጄ። ይኸው ሠላሳ አለ ይላል እኮ።»

«ታዲያ ሃያ ቀን ለምን አልወጣም?»

«እሷን ለክፉ ቀን አስቀርቻት ነዋ! ሌሊት ሕፃን ተዝለፍልፎ ቢመጣብኝ ምን ልሰጠው ነው?»

ካርዱ ላይ ዕቃው አለ፤ ለበሽተኛው ግን የለም። የመድኃኒት ክፍሏ ኃላፊ ያደረገችው ደግሞ ትክክል ነው፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ነገር ግን «ያለቀበት ቀን» የሚለው ዐምድ ላይ ዜሮ ተጽፏል። አሁን ሒሳቡን እንደገና እንሥራ። 600 ፓኬት የወጣው በ60 ቀን ሳይሆን በ40 ቀን ነው፤ በቀን 15 ማለት ነው። ለ60 ቀን 900 ይሆናል። ጣሪያው 1,800፣ የሚጠየቀው 1,770። በመጀመሪያው ሒሳብ ሄደን 1,200 ይዘን ብንነሣ፣ ከሁለት ወር በኋላ ሪፖርት ስንልክ በእጃችን የሚቀረው 300፣ የሃያ ቀን ብቻ ነው። ማድረሻው ከሃያ ቀን ካለፈ እንደገና እንጨርሳለን፤ እንደገና ሠላሳ ፓኬት ለክፉ ቀን ትቀራለች፤ እንደገና ፍጆታው ከ900 ያነሰ ነው ተብሎ ይጻፋል። ዕጥረቱ ራሱን እየወለደ ይኖራል፣ ላይ ያለው መሥሪያ ቤት ደግሞ ጤና ጣቢያው የጠየቀውን ሁሉ እንደሰጠ በኩራት ይናገራል።

ይህንን ከማንም ኮምፒውተር ማግኘት አይቻልም። ሶፍትዌሩ ሠላሳ አለ ነው የሚለው።

እግረ መንገዴን፣ ኤክሴል ላይ ስለሚጠፋው ጊዜ ልናገር፤ ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁምና። አንድ መድኃኒት በሦስት መዝገብ በሦስት ስም ተጽፎ ታገኙታላችሁ፦ «ፓራሲታሞል 500»፣ «ፒ.ሲ.ኤም»፣ «ፓራሴታ. ታብ»። አንዱ በፍሬ ይቆጥራል፣ ሌላው በእሽግ፣ ሦስተኛው በሺህ ጣሳ። ይህንን ማስታረቅ ከጥናቱ ጊዜ ግማሹን ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትንተና የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ትንተናውም ቢሆን ጭፍን ሊሆን አይገባም። ገንዘብ በሚበሉት ዕቃዎች ላይ አተኩር የሚለው ኤ-ቢ-ሲ የሚባለው አመዳደብ ኦክሲቶሲንን መጨረሻው ረድፍ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ዋጋው ትንሽ ነውና። ኦክሲቶሲን ግን ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳትን እናት የሚያተርፍ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው። ለዚህ ነው የመድኃኒት ሰዎች ሁለተኛ አመዳደብ፣ ለሕይወት የግድ የሆነውን ከሌላው የሚለይ፣ ጎን ለጎን የሚያስኬዱት።

የት ይጀመር?

ብዙ ሰው የሚመርጠው በድርጅቱ ስም ነው። እኔ የምለው፣ ዕቃ ሲቆም በዓይናችሁ የምታዩበትን ምረጡ። የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎቱ ቅርንጫፍ መጋዘን፣ ሞጆ፣ የአንድ ፋብሪካ የምርት ዕቅድ ክፍል፣ የአበባና የሥጋ ጭነት የሚያልፍበት የአየር ጭነት ጣቢያ፣ የቡና ላኪ መጋዘን፤ ሁሉም ጥሩ ናቸው። ከሁሉም አብልጬ የምመክረውና ምሩቃን የሚንቁት ግን የትራንዚት ሥራ ነው። አንድ ዓመት ትራንዚተር ጋር የሠራ ልጅ ኤል ሲ ሲከፈት፣ የጭነት ሰነድ ሲዘገይ፣ ዲክላራሲዮን ሲሞላ፣ የዕቃው መለያ ቁጥር በአንድ አኀዝ ተሳስቶ ቀረጥ ሲለወጥ፣ ኮንቴይነሩ ከነጻ ቀኑ አልፎ ዲመሬጅ ሲቆጥር ያያል። አገሪቱ የባሕር በር የላትም፤ የገቢና ወጪ ንግዷ አብዛኛው በአንድ ጎረቤት ወደብ ነው የሚያልፈው። የዚህን መሥመር ማነቆ በእጁ የነካ ሰው፣ ለየትኛውም አስመጪ የሚነግረው ነገር አያጣም።

ነጋዴ ደግሞ ለሪፖርት ገንዘብ አያወጣም፤ ለቀን ግን ያወጣል። ይህን ለማስረዳት ሒሳቡን በእሱ ቋንቋ መሥራት ነው። 10 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ዕቃ መንገድ ላይ አለው፤ ገንዘቡ በ18 በመቶ ወለድ የተበደረው ነው እንበል። በቀን ወደ 4,900 ብር ወለድ እየበላበት ነው። 25 ቀን ያለምክንያት ቢቆም ከ120 ሺህ ብር በላይ ሄደ፤ ዲመሬጁ፣ የመጋዘን ኪራዩ ገና አልተነካም። ይህ ከተነገረው በኋላ «አንተ የምትለው ሥራ ስንት ያስከፍላል?» ብሎ የሚጠይቀው ራሱ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ነጋዴውን የሚያከስረው የዘገየ ብቻ አይደለም። የማይታወቅም ያከስረዋል። ሁለት አጓጓዦች አሉ እንበል፤ የሁለቱም አማካይ 20 ቀን ነው። አንደኛው በ18 እና በ22 መካከል ያደርሳል። ሁለተኛው በ8 እና በ40 መካከል መቼ እንደሚያደርስ አይታወቅም። በቀን 100 ከረጢት የሚጠቀም ፋብሪካ ከመጀመሪያው ጋር ከሠራ 2,200 ከረጢት ይዞ ይተኛል። ከሁለተኛው ጋር 4,000 መያዝ አለበት። በአማካይ የሚናገር ሪፖርት ይህን ልዩነት ይውጠዋል፤ ብዙ ሪፖርትም በአማካይ ነው የሚናገረው።

ስለ ሰርተፍኬት ብዙ እጠየቃለሁ። አጭር መልሴ፣ ከሁለት ዓመት ሥራ በኋላ ውሰዱ ነው። በግዥ በኩል የእንግሊዙ ሲ.አይ.ፒ.ኤስ፣ በዕቅድና በክምችት በኩል እ.ኤ.አ. በ1957 አፒክስ ተብሎ የተቋቋመውና አሁን ኤ.ኤስ.ሲ.ኤም የሚባለው ማኅበር የሚሰጣቸው ፈተናዎች፣ በጭነት ማስተላለፍ በኩል የፊያታ ዲፕሎማ የታወቁ ናቸው። ክፍያቸው በውጭ ምንዛሬ ነው፤ ብሩ በገበያ እንዲመራ ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ለብዙ ወጣት የማይቀመስ ሆኗል። ቀጣሪው የሚከፍልላችሁ ከሆነ እሰየው። ካልሆነ ግን ተበድራችሁ አትውሰዱ።

የጓዳው በር

አሁን ወደ ተውኩት ነገር ልመለስ። ጨረታውን የሚያሸንፈው ሽማግሌ አማካሪ ብቻውን ስምንት ከተማ አይዞርም። ዳታ ሰብሳቢ ይቀጥራል፤ በቀን ሒሳብ፣ ከውሎ አበል ጋር። ምሩቁ የሚገባው በዚህ ነው። ከአንዳንዶቹ ጋር የሄደ ልጅ ሆቴል ቁጭ ብሎ መጠይቅ መሙላትን ይማራል፤ ለአንድ ከተማ የተሰበሰበው መልስ ለሌላውም በትንሹ ተቀያይሮ ይገለበጣል። ይህ ምስጢር አይደለም፤ መጠይቁን የሚተነትነው ሰው እንኳ ሁሉም መልስ ተመሳስሎ ሲያገኘው ዝም ይላል። እንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ከገባችሁ በጊዜ ውጡ። ስማችሁ ገና አንድ ብቻ ነው፣ ገበያው ደግሞ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት ነው።

ጥሩ አለቃ ካገኛችሁ ግን አራት ነገር ለምኑት፦ ቲኦአሩን አንብቡት ብሎ እንዲሰጣችሁ፣ የቴክኒክ ሐሳቡ ሲጻፍ አጠገቡ እንድትቀመጡ፣ የሪፖርቱን አንዱን ክፍል እንድትጽፉ፣ ለደንበኛው ሲቀርብ ክፍሉ ውስጥ እንድትገኙ። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ሰማንያ ገጽ ነው፤ ውሳኔው የሚሰጠው ኃላፊው ከሌላ ስብሰባ ወጥቶ ወደ ሌላ ስብሰባ ከመግባቱ በፊት ባለችው ሩብ ሰዓት፣ በአማርኛ ነው። የሚጠይቀውም ገጽ አርባ ሁለት ላይ ስላለው ሞዴል አይደለም። «እሺ፣ ነገ ጠዋት ማንን ልጥራ?» ነው። ለዚህ መልስ የሌለው አማካሪ ሰማንያውን ገጽ በከንቱ ጻፈ።

መጋዘን ስትሄዱ ደግሞ ወግ አለው። መጀመሪያ ከመጋዘን ኃላፊው ጋር ቡና ጠጡ። ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። «ጋሼ፣ እዚህ ከጀመሩ ስንት ዓመት ሆነዎት?» የሚለው ጥያቄ «የክምችት ፖሊሲያችሁ ምን ይመስላል?» ከሚለው አሥር እጥፍ ያስገኛል። ከዚያ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ጥራዞቹን ጠይቁ፤ ገቢና ወጪ የሆነው ዕቃ ሁሉ የተቆረጠበት ደረሰኝ ነው። አምስት ዕቃ ምረጡ፤ ካርዱ ላይ ያለውን ከማየታችሁ በፊት በእጃችሁ ቁጠሩ። ቀድሞ ካርዱን ያየ ሰው ሲቆጥር ካርዱ ያለው ላይ ሲደርስ መቁጠር ያቆማል፤ ይህ የሰው ልጅ ጠባይ ነው። በሩ አጠገብ ያለውን ብቻ አትዩ፣ ከጥጉ በስተኋላ የተደረደረውን አስወጥታችሁ የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። ቀድሞ የሚያበቃው ቀድሞ ይውጣ የሚለው ደንብ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ሊያበቃ ሁለት ወር የቀረው ካርቶን ግን አዲሱ ተደርቦበት ከሥር ይገኛል።

አንዳንዴ ቆጠራው የማይፈለግ ነገር ያወጣል። ካርዱ 300 ይላል፣ መደርደሪያው ላይ 210 አለ። ስለዚህ ጉዳይ መጻሕፍቱ ብዙ አይናገሩም፤ በሥራው ላይ ግን ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። 90ው የጎደለው ካርዱ ሳይጻፍ ዕቃ ስለወጣ ሊሆን ይችላል፤ ለጎረቤት ጤና ጣቢያ በትውስት ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል፤ በስሕተት ሲገባ ያልተቆጠረ ሊሆን ይችላል፤ ተሰርቆም ሊሆን ይችላል። አማካሪ ፖሊስም ኦዲተርም አይደለም። «ሰረቁ» ብሎ የሚጽፍበት ሥልጣን የለውም፤ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍበትም መብት የለውም። የሚጽፈው ያየውን ነው፦ በዚህ ቀን፣ ይህ ዕቃ፣ በካርድ ይህን ያህል፣ በቆጠራ ይህን ያህል፣ ልዩነቱን የሚያስረዳ ሰነድ ተጠይቆ አልተገኘም። ከመጻፉ በፊት ግን ለመጋዘን ኃላፊው አሳይቶ ትውስት የተሰጠበትን ወረቀት ፈልገው እንዲያመጡ አንድ ቀን ይሰጣቸዋል። ሪፖርት ላይ ስማቸውን ድንገት ያዩ ሰው ለቀጣዩ አማካሪ በር አይከፍቱም፣ ሐቁም ከእሳቸው ጋር ተቆልፎ ይቀራል።

ስለ ገንዘቡ ሳልናገር ባልፍ ይህን መጽሐፍ የገዛው ወጣት ይቀየመኛል። ከተቀጣሪነት ወጥቶ በራሱ ንግድ ፈቃድ የሚሠራ አማካሪ የቀን ዋጋው ትልቅ ይመስላል። ነገር ግን በወር ውስጥ የሚከፈልበት ቀን ስንት እንደሆነ ማሰብ አለበት፤ ፕሮፖዛል የሚጻፍበት፣ ጨረታ ሰነድ የሚገዛበት፣ ደብዳቤ የሚከታተልበት ቀን ከፋይ የለውም። የወር ደሞዙን ለ22 ከፍሎ «የቀን ዋጋዬ ይህ ነው» የሚል ጀማሪ፣ ከወሩ ግማሹን ብቻ ቢሠራ ገቢው በግማሽ ወረደ። ግብሩም፣ ከክፍያው ላይ ቀድሞ የሚቀነሰውም፣ ትራንስፖርቱም ከዚያው ነው የሚወጣው። ስለዚህ ቢያንስ እጥፉን መጠየቅ ስግብግብነት አይደለም።

አከፋፈሉ ደግሞ ከመጠኑ ይበልጣል። ብዙ ውል ክፍያውን በሦስት ይከፍለዋል፦ መነሻ ሪፖርት ሲገባ፣ ረቂቅ ሲገባ፣ የመጨረሻው ሲጸድቅ። ትልቁ ድርሻ መጨረሻው ላይ ይደረጋል፤ የመጨረሻው ሪፖርት የሚጸድቀው ደግሞ ኮሚቴ ሲሰበሰብ ነው። ኮሚቴው ሊሰበሰብ ወራት ይፈጃል፣ ሰብሳቢው በመሐል ይዛወራል፣ በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የመስክ ወጪው ግን የወጣው በመጀመሪያው ወር፣ ከአማካሪው ኪስ ነው። ልምድ ያለው ሰው የመስክ ዳታ ተሰብስቦ እንዳለቀ የሚከፈል አራተኛ ክፍያ በውሉ ያስገባል፤ ደንበኛው አስተያየት ሳይሰጥ ሠላሳ ቀን ካለፈ ሪፖርቱ እንደጸደቀ ይቆጠራል የሚል አንቀጽም ይጨምራል። ከመፈረሙ በፊትም ክፍያው የሚወጣው በማን ፊርማ እንደሆነ፣ ያ ሰው ቢዛወር ማን ተተክቶ እንደሚፈርም ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ይቀበላል።